ሀብትን ሲካፈሉ ዕዳን አለመርሳት

ጌታችን ሕዝቡን ሲያስተምር ሳለ አንድ ሰው ከመካከል ተነሥቶ፥ ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ይነግርለት ዘንድ እንደ ለመነው በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ጌታም በዚያች ሰዓት አካፋይ ለመሆን አልፈቀደም፤ ሕዝቡን ግን ከስስት እንዲጠበቁ አስተማራቸው። ይህን ይዘው፥ ካህን በሀብት ክፍፍል መካከል መግባት አይገባውም፥ ይልቁንም በፍቺ ክፍፍል ፈጽሞ አይገባውም የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስለምን ቢሉ፥ ካህን የሚያጋባ እንጂ የሚያፋታ አይደለምና ይላሉ። ነገራቸው በከፊል እውነት ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ጋብቻ ጽናት የተነገረውን በየዐውደ ምሕረቱ የምናስተምር እኛው ነን፤ በሥጋ ወደሙ የጸናው ጋብቻ ሲፈርስም ቤተ ክርስቲያን ዝም ብላ አታይም። ነገር ግን ያ ሰው ወደ ጌታ የመጣው ስስትን በልቡ ይዞ ነበርና መልሱ ለልቡ ተሰጠ እንጂ፥ በቅን ማካፈል ተነቀፈ ማለት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ፥ ምእመናኑ እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ነገራቸውን የሚያይላቸው አስተዋይ ሰው ከመካከላቸው አለመገኘቱን እንደ ነውር ቈጥሮ ይወቅሳቸዋል። ዕርቅ እንቢ ብሎ ቤት ከፈረሰ በኋላ ፍርስራሹ በማንም ላይ እንዳይወድቅ መጠበቅ መፍረስን ማስተማር አይደለም።

እኔም በደሴ ከተማ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ ለዕርቅ፥ ዕርቁ ሲያልቅለት ለክፍፍል እየተጠራሁ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ። ከዚያ ዘመን አንዱን ስሕተቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እርሱ ነውና። ባልየው ሐረጎን እየወረደ ከኮምቦልቻ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ፥ ሚስቲቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለዕርቅ ሦስት ጊዜ ተቀመጥን፤ አልሆነም። በአራተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ከቤታቸው ገብተን ቈጠርን፤ አልጋው፥ ቁም ሣጥኑ፥ ምጣዱ፥ ድስቱ፥ ረከቦቱና ስኒው ሳይቀር በሁለት ተከፈለ። አንድ ትርፍ ብርድ ልብስ ተገኝቶ በእርሱ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ከዚያም ውል ጻፍን፤ አስፈረምን፤ መርቀን ወጣን። ከመካከላችን፥ እንዲህ ያለ ጥሩ ክፍፍል አይቼ አላውቅም ያለም ነበረ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ሴትየዋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መጥታ፥ መስቀል ተሳልማ ቆመችና፥ «መምሬ፥ ምጣዱንና ድስቱን ሲያካፍሉን ዕቁቡን ወዴት ጥለውት ኖሯል?» አለችኝ። ነገሩ ምንድር ነው ቢሉ፥ ለባልየው ከፍቺው አስቀድሞ የዕቁቡ ዕጣ ወጥቶለት ገንዘቡን በሙሉ ወስዷል፤ በገንዘቡም ሸቀጥ ገዝቶ ሸጧል፤ የቀረውን ዙር ግን ሳይከፍል ወደ አፋር መንገድ ወርዷል። ዋስ ሆና የፈረመችው ሚስቲቱ ናት። የዕቁቡ ዳኛ የሚያውቀው ዋሷን ነውና እርሷን ያዘ፤ እርሷም በክፍፍሉ የደረሳትን የስፌት መኪና ሸጣ ከፈለች። ለጥያቄዋ መልስ አልነበረኝም። በዚያ ቤት የነበረውን ዕቃ ሁሉ ቈጥረን ነበር፤ በዚያ ቤት ላይ የነበረውን ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

በግእዝ «ፈትሐ» የሚለው ግሥ ፈታ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። ፍትሕ የሚለው ስም ከእርሱ ይወጣል፤ በአማርኛ ፍቺ የምንለውም ዘሩ ያው ነው። መፍታትና መፍረድ ከአንድ ቃል መውጣታቸው ለሽማግሌ ትልቅ ትምህርት ነው። የጠበቀ ቋጠሮ የሚፈታ ሰው አንዱን ጫፍ ብቻ ይዞ ቢስብ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። የትዳር ገንዘብም ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ያፈሩት፥ ሁለተኛው የተበደሩት ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ቢሉ፥ መጽሐፈ ነገሥት ራብዕ በ4ኛው ምዕራፉ ይመልስልናል። ከነቢያት ደቀ መዛሙርት የአንዱ ሚስት ባሏ ሞቶባት፥ ባለ ዕዳ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቶባት ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። በቤቷ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አልነበረም። ዘይቱ በተአምራት በዝቶ ማድጋው ሁሉ በሞላ ጊዜ፥ ነቢዩ ያዘዛት ሥራ ተራውን የጠበቀ ነበር፤ አስቀድማ ዘይቱን እንድትሸጥ፥ ከዚያ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ ከልጆቿ ጋራ የምትኖረውም በተረፈው እንዲሆን ነው። በረከቱ ከሰማይ የመጣ ሲሆን እንኳ ባለ ዕዳው አልተረሳም። ደግሞም ነቢዩ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት በቤትሽ ምን አለ ብሎ ነው፤ ሳይጠይቁ ማካፈል እንደሌለ ከዚህ እንማራለን።

የአገራችንም ሕግ ይህን ነገር ሲያስብ ኖሯል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 24ኛውን ለጋብቻ ሰጥቶ፥ ስለ ብድር፥ ስለ መያዣና ስለ ዋስ ደግሞ በየስፍራው ለብቻ ይናገራል። በሕዝቡ ልማድም በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲለያዩ አብረው ያፈሩትን በእኩል ይካፈሉ ነበር፤ ርስት ግን ከየወገን የመጣ ነውና ወደየወገኑ ይመለስ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃና የጋራው ሀብት አስተዳዳሪ አድርጎ፥ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር፤ በደለኛ የተባለው ወገንም በክፍፍሉ እንዲጐዳ ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በጋብቻው አፈጻጸም፥ በጋብቻው ዘመንና በፍቺው ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያ በኋላ በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ፤ የአማራም ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚዳኙት በዚህ በኋለኛው ነው። በዋናው ነገር ሁለቱ አንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ አብረው ያፈሩት እኩል ይከፈላል።

በዚህ ላይ ከብዙ ሽማግሌዎች ጋራ ተከራክሬአለሁ፤ አስቀድሞ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። አመንዝራ የሆነው ወይም የሆነችው ወገን በንብረቱ ይቀጣ የሚል ሐሳብ በልባችን አለ። የበደለ ወገን የበደለውን እንዲክስ ፍርድ ቤት ሊወስን ይችላል፤ የካሳው ነገርና የክፍፍሉ ነገር ግን ለየብቻ የሚታዩ ናቸው። ኀጢአቱ ንስሐ አለው፤ ንስሐውም በአባትና በልጅ መካከል የሚሰጥ ነው። በላቧ የሠራችውን ቤት በኀጢአቷ ስም የሚወስድባት ባል ቀኖና ሰጪ አልሆነም፤ የባልንጀራውን ገንዘብ የወሰደ ሆነ እንጂ።

እንግዲህ የግል የሚባለው የትኛው፥ የጋራ የሚባለው የትኛው ነው? ከጋብቻ አስቀድሞ በእጅ የነበረ፥ ከጋብቻም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንደኛው ብቻ የመጣ የግል ነው። በጋብቻው ዘመን በድካም የተገኘው፥ ከግሉም ሀብት እንኳ የተገኘው ፍሬ የጋራ ነው። በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ነገሩን አይቈርጠውም፤ የግሌ ነው የሚል ሰው ማስረጃውን ሊያቀርብ ይገባዋል እንጂ እስከዚያው የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል። ይህ ግምት በአገራችን በደቡብ ወሎ ብዙ እንባ የሚያብስ ነው። ምነው ቢሉ፥ ከገጠሩም ከከተማውም ብዙ እኅቶቻችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። በየወሩ ገንዘብ ይልካሉ፤ ባል በኮምቦልቻ ቤት ይሠራል፤ ካርታው በእርሱ ስም ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ቤቱ የእኔ ነው፥ ወረቀቱን እዪው ይላታል። እንዲህ ያለው ወረቀት ቤቱ መኖሩን ይመሰክራል፤ የማን ላብ እንደ ሆነ ግን አይመሰክርም። ደግሞም ፍርዱ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል፥ ገንዘቡን ያመጣሁት እኔ ነኝና ቤቱ የእኔ ብቻ ነው የምትልም ሚስት አለች። ባልየው በነዚያ ዓመታት ሦስት ሕፃናት ይዞ፥ ውኃ ቀድቶ፥ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ የኖረ እንደ ሆነ ደመወዟ የእርሱም ድካም አለበት።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው በዚህ ነው።

ዕዳ ሲመጣ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ ማን ፈረመ ብሎ ነው። እኔ ግን ከብዙ ድካም በኋላ የተማርሁት፥ ገንዘቡ ወዴት ገባ ብሎ መጠየቅን ነው። ሕጉም መንገዱ ይኸው ነው፤ ለባልና ለሚስት፥ ለልጆቻቸውም ኑሮ የተገባ ዕዳ፥ ወይም ሊረዱት የሚገባቸውን ሰው ለመርዳት የተገባ ዕዳ፥ አንደኛው ብቻውን ቢበደረውም የሁለቱ ነው፤ ባለ ዕዳውም ከጋራው ሀብት ወይም ከሁለቱ ከማንኛቸውም የግል ሀብት ሊያስከፍለው ይችላል። ለአንዱ የግል ጉዳይ የተገባ ዕዳ ግን አስቀድሞ ከተበዳሪው የግል ሀብት ይፈለጋል። ቤት ለመሸጥና ለመለወጥ፥ በመያዣ ለማስያዝ፥ ከተወሰነም መጠን በላይ ለመበደርና ዋስ ለመሆን የሁለቱ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ሕጉ ያዘዘው ይህ ነገር በስውር እንዳይሠራ ነው።

ያቺ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ሴት ለመሄጃዋ ከዘመድ የተበደረችው ገንዘብ ማንን ይመለከታል? ባል፥ የመንገዱ ዕዳ የእርሷ ነው፥ እኔ አልፈረምሁም ይላል። ገንዘቡ ወዴት ገባ ብለን ብንጠይቅ፥ ወደ መንገዱ ገባ፤ መንገዱ ወደ ደመወዙ አደረሳት፤ ደመወዙ ቤቱን ሠራ። ቤቱን የሚካፈል ሰው ወደ ቤቱ ያደረሰውንም ዕዳ ይካፈላል።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ ብዙ ሱቅ ተዘረፈ፤ በዱቤ የመጣ ሸቀጥ ጠፋ፤ የዱቤው ዕዳ ግን አልጠፋም። ከዚያም በኋላ ትዳራቸው የፈረሰ ነጋዴዎች ወደ እኛ መጡ። ሚስት፥ ዕቃው ካልተገኘ ዕዳው የእርሱ ይሁን ትላለች። ቤቱ በዚያ ሱቅ ሲተዳደር የኖረ እንደ ሆነ ሱቁ ቢዘረፍም የትዳሩ ዕዳ ነው። ባል ደግሞ ያልተዘረፈውን ተዘርፏል ብሎ በዘመድ ቤት የደበቀ እንደ ሆነ፥ የደበቀው ተገምቶ ከድርሻው ይታሰብበት ዘንድ ይገባል እላለሁ።

በስልክ የሚጫወቱት የውርርድ ዕዳስ? ይህ በወጣቶቻችን ቤት የገባ አዲስ መከራ ነው። ለዚህ የተበደሩት ገንዘብ ወደ ሌማቱ አልገባም፤ ሚስትና ልጆች ከእርሱ አንዲት እንጀራ አልቈረሱም። ስለዚህ የተወራራጁ የግል ዕዳ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቀንቶት በበላው ገንዘብ ለቤቱ ቴሌቪዥን የገዛ እንደ ሆነ፥ ቴሌቪዥኑን የጋራ፥ ዕዳውን የእርሱ ማድረግ ቅንነት የለውም፤ ያን ያህሉን ማቻቻል ይገባል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የተዝካር ዕዳ ነው። ባል ለአባቱ ተዝካር ተበድሮ ደገሰ፤ ዓመት ሳይሞላ ትዳሩ ፈረሰ። ሟቹ የእርሱ አባት ነውና የግሉ ዕዳ ነው ወይ? ሚስት ጠላ ጠምቃ፥ ወጥ ሠርታ፥ ዘመድ ጎረቤት ጠርታ አብራ የደገሰችው እንደ ሆነ እኔ የሁለቱ አደርገዋለሁ፤ እንቢ እያለችው ብቻውን የተበደረው እንደ ሆነ የራሱ። (በዕዳ ተዝካር መደገስ ለሟች ነፍስ የሚጠቅም መስሏቸው ልጆቻቸውን የሚያስርቡትን ስንት ጊዜ ገሥጸናል። ጸሎቱና ምጽዋቱ ያለ ሠንጋ ይሆናል።)

ዕቁብ ደግሞ እኔን እንዳሳተኝ ሌላውን እንዳያስት ልብ ይባልበት። ዕጣው ያልወጣ ዕቁብ ሀብት ነው፤ እስከዚያ ቀን የተከፈለው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ያለ የትዳሩ ገንዘብ ነውና። ዕጣው የወጣ ዕቁብ ግን ዕዳ ነው፤ የቀረው ዙር ገና ይከፈላልና። አንድ ስም፥ አንድ ደብተር ነው፤ ዕጣው እስኪወጣ ወደ ሀብት፥ ከወጣ በኋላ ወደ ዕዳ ይቈጠራል። ስለዚህ ሽማግሌ ዕቁብ አላችሁ ወይ ብቻ ብሎ አይለፍ፤ ወጥቷል ወይ፥ ስንት ዙር ቀረ፥ ዋሱ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ።

አንድ ምሳሌ በቍጥር ላሳይ፤ ነገሩን ለማስረዳት እኔ የሰበሰብሁት እንጂ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። ባልና ሚስት 900,000 ብር የሚገመት ቤት፥ 300,000 ብር የሚገመት ባጃጅ፥ ዕጣው ባልወጣ ዕቁብም 60,000 ብር አላቸው፤ ድምሩ 1,260,000 ብር ነው። ቤቱ ሲሠራ ሚስት ከአባቷ የወረሰችውን 200,000 ብር እንዳገባች ማስረጃ አለ። የባጃጁ የባንክ ዕዳ 180,000 ብር ቀርቷል፤ ከሚስት አጎት ለመንገዷ የተበደሩት 70,000 ብር አለ፤ ባልም በውርርድ የገባበት 50,000 ብር አለ። የችኩል ሽማግሌ 1,260,000 ብሩን በሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዳቸው 630,000 ይሰጣል፤ ዕዳውን ባለ ዕዳ ሲመጣ ያዩታል ይላል። የቅን ክፍፍል መንገድ ግን እንዲህ ነው። አስቀድሞ የሚስት ውርስ 200,000 ይነሣላት፤ 1,060,000 ይቀራል። ቀጥሎ የትዳሩ ዕዳ 250,000 ይቀነስ፤ 810,000 ይቀራል። ይህ ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 405,000 ይደርሳል። የሚስት ድርሻ ከውርሷ ጋራ 605,000 ይሆናል፤ የባል 405,000 ነው፤ የውርርዱን 50,000 ከዚያው ከራሱ ይከፍላል።

ቤት በመጋዝ አይቈረጥምና፥ ልጆቹ ከእናታቸው ጋራ የሚኖሩ እንደ ሆነ ቤቱን እርሷ ትውሰድ፤ የአጎቷንም ዕዳ እርሷ ትቀበል። ባል ባጃጁንና ዕቁቡን ይውሰድ፤ የባንኩን ዕዳ ይሸከም። ከዚህ በኋላ እርሷ ለእርሱ 225,000 ብር ብትሰጥ ሒሳቡ ይገጥማል፤ እርሷ ከ900,000 ላይ 70,000 እና 225,000 ሲነሣ 605,000 ይቀራታል፤ እርሱም 360,000 ይዞ 180,000 ዕዳ ተሸክሞ 225,000 ሲቀበል 405,000 ይሆንለታል። 225,000 ብር በአንድ ቀን ከየት ታመጣለች ቢሉ፥ በየወሩ የሚከፈለው ተወስኖ፥ ቀኑ ተቈርጦ ይጻፍ። ከቶ ካልተስማሙ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል፤ እርሱ ግን ለልጆቹ የመጨረሻው መንገድ ነው።

በገጠሩ የሚኖሩ ምእመናን ግን ይህን የመሸጥ መንገድ በእርሻ መሬት ላይ አያገኙትም፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥምና። በአማራ ክልል የይዞታው ማረጋገጫ ደብተር በባልና በሚስት በሁለቱም ስም የሚወጣ ስለ ሆነ፥ በፍቺ ጊዜ የሚካፈሉት የመጠቀም መብቱን ነው። ማሳው ጠቦ ሲከፈል ለሁለቱም የማይሆን በሚሆንበት ጊዜ፥ በአንድ እጅ እንዲቈይ ተስማምቶ ሌላውን በሌላ ነገር ማካካስ ይሻላል። በከተማም በባል እናት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ሠርተው የኖሩ ብዙ ናቸው። ቦታው የአማት ነው፤ ብሎኬቱና ቆርቆሮው ግን የሁለቱ ገንዘብ ነው። ሚስት ቦታው የእኛ አይደለም ተብላ ባዶ እጅዋን ስትወጣ አይቻለሁ። ክፍሉን ነቅላ አትሄድም፤ ግምቱን ግን ሽማግሌ ሊያስብላት ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም ሽማግሌዎች እንደ ቀላል ያልፉታል። በባልና በሚስት መካከል የተጻፈው ውል ባለ ዕዳውን አያስረውም። ከላይ ባልሁት ምሳሌ ባል የባንኩን ዕዳ እከፍላለሁ ብሎ ቢፈርምና ቢቀር፥ ባንኩ በብድር ውሉ አብራ የፈረመችውን ሚስት ይጠይቃታል፤ የሽማግሌዎቹን ወረቀት ብታሳየው አይመልሰውም። ስለዚህ ከተቻለ ዕዳው ከክፍፍሉ በፊት ከጋራው ገንዘብ ይከፈል፤ ካልተቻለም ወደ አበዳሪው ሄደው ውሉ በአንደኛው ስም እንዲዞር፥ የሁለተኛው ፊርማና የዋሶቹም ነገር እንዲስተካከል ይለምኑ። አበዳሪው እንቢ ቢል እንኳ፥ አንዱ የሌላውን ዕዳ የከፈለ እንደ ሆነ ከምን ላይ እንደሚመለስለት በውሉ ይጻፍ። ቀድሞ አብቁተ ከምንለው፥ ኋላም ፀደይ ባንክ ከሆነው ተቋም በቡድን ዋስትና የተበደሩ ሰዎች ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ከሁለት ሰዎች ያልፋል፤ አብረው የተዋዋሱት ጎረቤቶች በማያውቁት ፍቺ እንዳይጐዱ ጠርቶ መንገር ያስፈልጋል።

ፍቺውንም ራሱን የሚወስነው ፍርድ ቤት መሆኑን እናስታውስ። ሽማግሌዎች ተስማምተው የጻፉት ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጸድቅ ይጸናል፤ በኪስ የቀረ ወረቀት ለክርክር በር ይከፍታል። በወሎ ቄስና ሼኽ ባንድ አጎዛ ላይ ተቀምጠው የጎረቤትን ጠብ የሚያበርዱበት ልማድ አለን፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሁለቱም ወገን ፈቅደው ነገራቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይችላሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ፥ ሽማግሌው ይዞት የሚቀርበው ዝርዝር ዕዳውንም የያዘ ይሁን።

የተሸሸገውን ስለ ማውጣት ደግሞ አንድ ነገር እላለሁ። ቀድሞ የደበቀ እንደ ደበቀ ይቅርበት ብለን በግዝት ማስፈራራት ይቀናን ነበር። በሐዋርያት ሥራ በ5ኛው ምዕራፍ ሐናንያና ሰጲራ ከሸጡት መሬት ዋጋ ከፍለው በደበቁ ጊዜ የደረሰባቸውን እየነገርን፥ የባንክ ደብተሩን ግን አምጡ ሳንል እንቀር ነበር። ታሪኩን መንገር መልካም ነው፤ ደብተሩንም ማየት መልካም ነው። ግዝት የሚፈራውን ሰው ብቻ ያስራል፤ የማይፈራው ደግሞ ያተርፍበታል። አሁን ለሁለቱም አስቀድሜ የአንድ ሳምንት ጊዜ እሰጣለሁ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ሀብትና ዕዳ በየራሱ ወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን እናያለን። በአንዱ ላይ ተጽፎ በሌላው ላይ የሌለው ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ዕድር ነው። ገንዘብ አይደለም ተብሎ ሳይቈጠር ይቀራል። ደብተሩ ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው፤ ሚስት ሃያ ዓመት ሙሉ ወርኃዊውን ስትከፍል፥ ለለቅሶ ስትጋግር፥ ዕቃ ስታጥብ ኖራ በፍቺ ማግሥት የዕድርተኛ ስም የላትም። ሽማግሌ ውሉን ከመጻፉ በፊት የዕድሩን ጸሐፊ ጠርቶ፥ ሁለቱም በየስማቸው እንዲመዘገቡ፥ የቀደመውም ዘመን እንዲታሰብላቸው ቢለምን ብዙዎቹ ዕድሮች እንቢ አይሉም። ያቺ ልብስ ሰፊ እናቷ በሞቱ ጊዜ በደጇ የተተከለው ድንኳን በጎረቤት ስም የመጣ ነበር፤ ይህንንም ያወቅሁት ለፍትሐቱ ሄጄ፥ ድንኳኑን ነገ እንድትመልስ ሲያስጠነቅቋት በሰማሁ ጊዜ ነው።